የሲ.ዲ.4 ቁጥር ሲያሳስት፦ የሁለት ሬትሮቫይረሶች ጥምር ልክፈት

በአገራችን የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ጥቂት የቤተ ሙከራ ቃላት ከሐኪም ቤት ወጥተው የዕለት ተዕለት መነጋገሪያ ሆነዋል። ከእነዚህ አንዱ «ሲ.ዲ.4» ነው። ታማሚው ቁጥሩን በቃሉ ይዞ ይመላለሳል፤ ከፍ ሲል ቤተሰቡ ይደሰታል፣ ዝቅ ሲል ያዝናል። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ከፍ እንዳለ የሰውየው ጤና ሊያሽቆለቁል የሚችልበት አጋጣሚ አለ። ይህም የሚሆነው ከኤች.አይ.ቪ. ጋር ሌላ ሬትሮቫይረስ በአንድ ሰው ደም ውስጥ ሲገኝ ነው።

ውድ አንባቢ፣ የፊዚክስ መምህርን ስለ ቫይረስ ምን አገባው ይሉ ይሆናል። የሲ.ዲ.4 ቆጠራ በመሠረቱ የብርሃን ልኬት ነው። ፍሎው ሳይቶሜትር በተባለው መሣሪያ ለመቁጠር በቅድሚያ ደሙ ላይ ፀረ እንግዳ አካል ይጨመራል። ይህ ፀረ እንግዳ አካል ሲ.ዲ.4 የተባለውን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ ሲሆን አብሪ ቀለም ተለጥፎበታል። ከዚያም ሕዋሳቱ በቀጭን የፈሳሽ ጅረት አንድ በአንድ ተሰልፈው በሌዘር ጨረር ፊት ያልፋሉ፤ በብዙዎቹ መሣሪያዎች ጨረሩ የሞገድ ርዝመቱ 488 ናኖ ሜትር የሆነ ሰማያዊ ብርሃን ነው። ቀለም የያዘው ሕዋስ ሲያልፍ ብልጭ ይላል፤ ብርሃን ጠቋሚው ብልጭታውን ይመዘግባል። በዚህ ዘዴ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ስንት የሲ.ዲ.4 ሕዋስ እንዳለ በጥሩ ትክክለኛነት ይታወቃል። ሕዋሱ ሰውነትን የመከላከል ሥራውን ይሠራ እንደሆነ ግን ብልጭታው አይናገርም። በቤተ ሙከራችን ያለው የጋይገር ቆጣሪም እንዲሁ ነው፤ ጨረር በገባ ቁጥር «ጠቅ» ይላል እንጂ የገባው ጨረር ምን ያህል ኢነርጂ እንደያዘ አይለይም።

ሬትሮቫይረሶች የዘር መልእክታቸውን በአር.ኤን.ኤ. ይዘው ይመጡና ወደ ዲ.ኤን.ኤ. ገልብጠው በሕዋሱ ዘረመል ውስጥ ይሰኩታል። ይህን የሚያከናውነውን ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ የተባለ ኢንዛይም ሃዋርድ ቴሚንና ዴቪድ ባልቲሞር በየፊናቸው እ.ኤ.አ. በ1970 አግኝተዋል። በሰው ላይ የመጀመሪያው ሬትሮቫይረስ የታወቀው ከ10 ዓመት በኋላ፣ በአሜሪካ በሮበርት ጋሎ ቤተ ሙከራ ነበር። ኤች.ቲ.ኤል.ቪ.-1 ይባላል። የሚያስከትለውን የደም ካንሰር ግን ጃፓናውያን ሐኪሞች አስቀድመው እ.ኤ.አ. በ1977 ገልጸውት ነበር። ኤች.አይ.ቪ. በፓሪሱ የፓስተር ተቋም የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1983 ሲሆን፣ የጋሎ ቡድን በማግስቱ ዓመት «ኤች.ቲ.ኤል.ቪ.-3» ብሎት ነበር። በእኔ አስተያየት አሳሳች ስም ነበር፤ የሁለቱ ጠባይ ፈጽሞ የተለያየ ነውና።

ሁለቱም የሲ.ዲ.4 ሕዋስን ይመርጣሉ። ኤች.አይ.ቪ. ሕዋሱን ያጠፋዋል። በሎስ አላሞስ የሚሠራው የባዮፊዚክስ ሊቅ አለን ፔረልሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 በሒሳብ ሞዴል እንዳሰሉት፣ ሕክምና ባልጀመረ ሰው ውስጥ በየቀኑ ወደ 10 ቢሊዮን የሚጠጉ የኤች.አይ.ቪ. ቅንጣቶች ይመረታሉ። ኤች.ቲ.ኤል.ቪ.-1 በአንጻሩ ቅንጣቶቹን ወደ ደም የሚለቀው እምብዛም ነው። የያዘውን ሕዋስ እንዲከፋፈልና እንዲባዛ ይገፋፋዋል፤ ሕዋሱ ለሁለት ሲከፈል ቫይረሱም ከሕዋሱ ዲ.ኤን.ኤ. ጋር አብሮ ይገለበጣል። እንግዲህ አንዱ ሲያጎድል ሌላው ይሞላል፤ ቆጣሪው የሚያነበው የሁለቱን ድምር ውጤት ነው። የተባዙት ሕዋሳት ግን ቁጥራቸው በጨመረ መጠን ሰውነትን አይከላከሉም።

ይህ በሐሳብ ብቻ የቀረ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ በሪዮ ዴ ጃኔሮ የተካሄደ ጥናት፣ ሁለቱም ቫይረሶች ያሉባቸው ታማሚዎች ኤች.አይ.ቪ. ብቻ ካለባቸው ይልቅ ሕመማቸው የገፋ ሆኖ ሳለ የሲ.ዲ.4 ቁጥራቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳየ። በዚያው በብራዚል በሳልቫዶር ከተማ ከነዋሪው ወደ 1.8 በመቶ የሚሆነው ኤች.ቲ.ኤል.ቪ.-1 እንዳለበት ተመዝግቧል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ኤች.አይ.ቪ. ያለበት ሁሉ ቁጥሩ ሳይታይ መድኃኒት ይጀምር እስካለበት ጊዜ ድረስ፣ ብዙ ታማሚዎች ቁጥራቸው ከተወሰነ ወሰን በታች እስኪወርድ ይጠብቁ ነበር። ጥምር ልክፈት ያለበት ሰው መጠበቁ ያለ ልክ ሊረዝምበት ይችል ነበር። አሁንም አንዳንድ ተጓዳኝ በሽታዎችን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት 200 የሚለውን ወሰን ስለሚከተል ጉዳዩ አላበቃም።

የቁጥሩ ትርጉም ሬትሮቫይረስ ሳይኖርም ከቦታ ቦታ ይለያያል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የኢትዮ-ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ኤች.አይ.ቪ. የሌለባቸውን ጤናማ ኢትዮጵያውያን ከኔዘርላንድሳውያን ጋር ሲያነጻጽር፣ የእኛዎቹ የሲ.ዲ.4 ቁጥር ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ሌላ አገር የተሠራ ሚዛን እዚህ ሲመጣ ዜሮው መታየት እንዳለበት ማንም የፊዚክስ ተማሪ ያውቃል።

ወደ ሕክምናው ስንመለስ፣ ከፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒቶች ብዙዎቹ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝን ያግዳሉ። ኤች.ቲ.ኤል.ቪ.-1 አንዴ ከገባ በኋላ በዋናነት የሚባዛው በሕዋሱ በራሱ መከፋፈል ስለሆነ፣ መድኃኒቱ የሚያግደው ነገር አያገኝም። ስለዚህ ኤች.አይ.ቪ. በሕክምና ተገትቶ ሳለ እግሮቹ ቀስ በቀስ የሚዝሉበትና ሽንቱን መቆጣጠር የሚያቅተው ታማሚ ሊኖር ይችላል፤ ኤች.ቲ.ኤል.ቪ.-1 የአከርካሪ ሰረሰርን የሚጎዳ ሕመም ያስከትላልና። እ.ኤ.አ. በ1986 ከምዕራብ አፍሪካ ታማሚዎች የተለየው ኤች.አይ.ቪ.-2ም የራሱ ጣጣ አለው፤ ኔቪራፒንና ኤፋቪሬንዝ አይሠሩበትም፣ የተለመደው የቫይረስ መጠን ምርመራም የሚቆጥረው ኤች.አይ.ቪ.-1ን ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የእናት ጡት ነገር ነው። ኤች.አይ.ቪ. ያለባት እናት መድኃኒቷን በአግባቡ እየወሰደች እስከ 24 ወር ማጥባት እንደምትችል የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 መክሯል፤ መድኃኒቱ በወተቱ ውስጥ ያለውን ቫይረስ ስለሚያዳክም ነው። ኤች.ቲ.ኤል.ቪ.-1 ግን በወተቱ ውስጥ ባሉ ሕዋሳት ተሸሽጎ ይተላለፋል፤ የማጥቢያው ጊዜ በረዘመ ቁጥርም አደጋው ይጨምራል። በጃፓን ናጋሳኪ እ.ኤ.አ. በ1987 በተጀመረው መርሐ ግብር፣ ለረጅም ጊዜ ከጠቡት ሕፃናት ወደ 20 በመቶ የሚሆኑት ሲያዙ፣ በዱቄት ወተት ካደጉት የተያዙት ግን 2.5 በመቶ ያህል ነበሩ። በናጋሳኪ የቧንቧው ውኃ ንጹሕ ነው፣ ወተቱም በየሱቁ አለ። ውኃው በማይታመንበት፣ የዱቄት ወተት ከደሞዝ በላይ በሆነበት ቦታ ሁለቱም ቫይረሶች ያሉባት እናት አንዱ ምክር አጥቢ፣ ሌላው ጡት አስጥይ ይላታል። ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ምክር የሚሰጣት አታገኝም፤ የተመረመረችው ለኤች.አይ.ቪ. ብቻ ነውና።