አልማዝ ባለጭራ ከደረቀ በኋላ የሚቀረው ሕመም

ቀጨኔ መድኃኒት ቤት የሚመጡ አዛውንት ብዙ ጊዜ «ልጄ፣ አልማዝ ባለጭራው ደርቋል፤ ሕመሙ ግን አልለቀቀኝም፤ መርፌ ስጪኝ» ይላሉ። ሸማ መሥራቱ ቀርቶ ልብስ ሲነካቸው ያቃጥላቸዋል፤ ሩኩዕ ማድረግም ይከብዳቸዋል።

በልጅነት ጉድፍ ያወጣው ቫይረስ ነርቭ ሥር ተደብቆ ይቆይና ዕድሜ ሲገፋ ወይም የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ይነሳል። (የኤችአይቪ ምልክት ብቻ አይደለም፤ ሐሜት ፈርታችሁ አትደብቁት።) ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ አሳይክሎቪር ቢጀመር ቁስሉ ቶሎ ይደርቃል። ከሦስት ወር በላይ የዘለቀ ሕመም ግን የተጎዳው ነርቭ ሕመም ነው። መቀመጫ ላይ የሚወጋ ዲክሎፌናክ እምብዛም አይረዳውም፤ ጨጓራና ኩላሊትን ግን ሊጎዳ ይችላል።

ሐኪም በቅድሚያ የሚያዘው አሚትሪፕቲሊን ወይም ጋባፔንቲን ነው። ለውጡ ሳምንታት ይፈልጋል፤ በሁለተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብላችሁ አትተዉት። ይህ ካልበቃ የሠለጠነ ሐኪም በታመመው ነርቭ ዙሪያ ሊዶካይን፣ አንዳንዴም ከስቴሮይድ ጋር፣ ይወጋል። መርፌው ነርቡ የሚያስተላልፈውን ሕመም ያቋርጣል፤ እፎይታው ግን ብዙ ጊዜ ጊዜያዊ ነው። ስቴሮይድ ስኳር ስለሚጨምር የስኳር ሕመም ያለባችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ጎድን አጥንት መካከል የሚወጋው ሳንባን ሊያገኝ ስለሚችል የሰፈር መርፌ ወጊ ሥራ አይደለም፤ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ሪፈር አጽፉ።

ረመዳን ለሚያሳስባችሁ፣ ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1997 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ ምግብነት የሌለው የሕክምና መርፌ ጾም እንደማያፈርስ ወስኗል።

ሽፍታው ግንባር ወይም አፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ግን ዓይን ሊያጠፋ ይችላል፤ ዕለቱን ዓይን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።