የጓዳ ቁጥር ወዴት ይሄዳል?

ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖር ገበሬ ስለ ሀብቱ ሲጠየቅ ቁጥር ቶሎ አይወጣውም። ስንት በግ እንዳለው፣ ጎተራው ምን እንደያዘ፣ ከማን እንደተበደረ መናገር የቤቱን ገመና አደባባይ ማውጣት ነው። «ምን ይገኛል ብለህ ነው ልጄ፣ ተመስገን ነው» ብሎ ያልፈዋል። መረጃ ሰብሳቢው ግን በያዘው መጠይቅ ላይ «ተመስገን» የሚሞላበት ቦታ የለውም። የሚፈልገው በቁና፣ በኩንታልና በብር የተነገረ መልስ ነው።

የአገሪቱ የድህነት መጠን የሚሰላው ከእንዲህ ዓይነት መልሶች ነው። የዛሬው የኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት፣ ማዕከላዊ ስታትስቲክስ ይባል በነበረበት ዘመን፣ የቤተሰብ ገቢ፣ ፍጆታና ወጪ ጥናትን በ1988፣ በ1992፣ በ1997፣ በ2003 እና በ2008 ዓ.ም አካሂዷል። በ2008ቱ ጥናት ከ30 ሺህ በላይ ቤተሰቦች ተጠይቀዋል። ከድህነት ወለል በታች የሚኖረው ሕዝብ በ1988 ከነበረበት 45.5 በመቶ በ2008 ወደ 23.5 በመቶ ወርዷል የተባለው ከዚሁ ተነሥቶ ነው፤ የአማራ ክልል ድርሻ በዚያው ዓመት 26.1 በመቶ ነበር። ወለሉ የተሰመረው አንድ አዋቂ ሰው በቀን 2,200 ካሎሪ የሚያገኝበት ምግብ በሚያወጣው ዋጋ ላይ ሌሎች አስፈላጊ ወጪዎች ተደምረው ሲሆን፣ በ2008 ለአንድ አዋቂ በዓመት 7,184 ብር ነበር። በቀን 20 ብር አይሞላም።

ከዚህ ጎን ለጎን ከ2004 ዓ.ም ጀምሮ ከዓለም ባንክ ጋር በመተባበር የሚካሄድ ሌላ ጥናት አለ፤ የኢትዮጵያ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት ይባላል። የመጀመሪያው ጥናት በየዙሩ አዳዲስ ቤቶችን ይመርጣል፤ ይኼኛው ግን በ2004 የጠየቃቸውን ቤቶች በ2006 እና በ2008 ተመልሶ አንኳኳ። በ2011 አዲስ የቤተሰብ ስብስብ መርጦ፣ እነዚያኑ በ2014 ደገማቸው። ያው ቤት ከዓመታት በኋላ ሲጠየቅ፣ በሬውን የሸጠ መልሶ ገዝቶ እንደሆነ፣ ከሴፍቲኔት የድጋፍ ፕሮግራም ተመረቀ የተባለው ቤት ቆሞ እንደሆነ ማየት ይቻላል። ላይ ጋይንትን፣ ታች ጋይንትን፣ ስማዳንና እብናትን ለመሰሉ ሴፍቲኔት ለደረሰባቸው ወረዳዎች ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ ያለ አይመስለኝም።

ሰው ለምን ይሸሽጋል? ምክንያቱ አለማወቅ ነው የሚል አስተያየት ከተማ ውስጥ ይሰማል። እኔ አልቀበለውም። በ1960 ዓ.ም የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ጎረቤት ጎጃም ያመፀው፣ «ምርትህ ስንት ነው» የሚለው ጥያቄ መጨረሻው ወዴት እንደሆነ ስለገባው ነው። መንግሥት ጦር ቢልክም ግብሩን እዚያ ሊያስፈጽመው አልቻለም። በ1989 ዓ.ም የአማራ ክልል መሬት ሲሸነሸን ደግሞ የቤተሰብና የይዞታ ምዝገባ ቀደመ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሥርዓቶች በሹመት ያገለገሉ ሰዎች «ቢሮክራሲ» ተብለው ከ4 ጥማድ በላይ እንዳይዙ ተደረገ። ያን ጊዜ ይዞታውን በእውነት የተናገረ ሰው የተናገረውን ያህል አጣ። ከ1997 ወዲህ ደግሞ ሴፍቲኔት መጣ። ሁለት በግ አለኝ ያለ ከዝርዝሩ እወጣለሁ ብሎ ቢሰጋ ማን ይፈርድበታል? መረጃ ሰብሳቢውን ደጃፍ ድረስ ይዞት የሚመጣው ብዙ ጊዜ የቀበሌ ሰው ነው፤ የሴፍቲኔቱን ስም ዝርዝር የሚያውቀውም እሱ ነው። «ይህ ለጥናት ብቻ ነው» የሚለው የመግቢያ ቃል በዚያ ሰው ፊት ሲነበብ ክብደቱ ይቀልላል።

እውነቱን ልናገር ያለ ሰው መልስም ቢሆን በሚጠየቅበት ወቅት ይወሰናል። ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናቱ የምግብ ፍጆታን የሚጠይቀው ባለፉት 7 ቀናት ስለተበላው ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች የቤተሰብ መጠይቁ የተሞላውም በአብዛኛው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነበር። በደብረ ታቦር ዙሪያዋ ፋርጣ ወረዳ ውስጥ እነዚህ ወራት ምን እንደሆኑ የአገሩ ሰው ያውቃል። ምርት ገብቷል፣ ጎተራው ገና አልጎደለም፤ ነገር ግን ዐቢይ ጾም ነው። ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋ 55 ቀን ከቤት አይበላም። ያው መረጃ ሰብሳቢ ከፋሲካ ማግስት ቢመጣ ኖሮ የበግ ሥጋና ዶሮ በመዘገበ ነበር። ሐምሌና ነሐሴ ቢመጣ ደግሞ፣ የጉና ተራራ ጭጋግ በወረደበትና ገብሱ ገና ባልደረሰበት ወር፣ ሌላ ቤት የገባ ይመስለዋል። ጥናቱ ይህን ለማካካስ ባለፉት 12 ወራት ምግብ ያጠረበትን ወር ለይቶ ይጠይቃል፤ የፍጆታና ወጪ ጥናቱም ከ2003 ወዲህ ሥራውን በዓመቱ ወራት ሁሉ ላይ ይበትናል። ጥሩ መፍትሔ ነው። ግን ከ2008ቱ ጥናት ጋር የገጠመው የኤልኒኖ ድርቅ ዓመት እንደነበረ ሳያስታውስ ቁጥሩን የሚጠቅስ ሰው ግማሹን ነው የሚናገረው።

መለኪያውም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ቁና ከገበያ ገበያ ይለያያል፣ ጥማድ ከተዳፋት ተዳፋት ይለያያል። አጥኚዎቹ ማሳውን በጂፒኤስ ለክተው፣ ለየአካባቢው መለኪያ የኪሎ ማስተካከያ አበጅተዋል። ለባህር ዛፍ ግን እንዲህ ያለ ማስተካከያ የሚበቃ አይመስለኝም። ደብረ ታቦር ዙሪያ ባህር ዛፍ ሠርግ ወይም ተዝካር ሲመጣ ተቆርጦ የሚሸጥ ቁጠባ ነው፤ ባለቤቱ «የባንክ ደብተር አለህ?» ሲባል «የለኝም» ይላል፣ አልዋሸምም። መሬቱን ወለድ አግድ የሰጠ ሰውም «ብድር አለብህ?» ሲባል ያቅማማል፤ ዕዳውን የሚያስበው ከብሩ ይልቅ በሰው እጅ ባለው ማሳው ነውና። ጠላና አረቄ ሸጣ የቤቱን ጨውና ሳሙና የምትችል ሴት ገቢ ባል ብቻውን ሲመልስ ይጠፋል። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ የወረደው ልጅ የቤተሰብ አባል ነው ወይስ አይደለም? በ2011ዱ ዙር አዋቂዎች ስለ ንብረታቸው ለየብቻቸው መጠየቃቸው ትልቅ እርምጃ ነበር።

የተሰበሰበው ወዴት ይሄዳል? ስም ይፋቃል። የመንደሩ የካርታ ነጥብ በገጠር እስከ 5 ኪሎ ሜትር፣ በከተማ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ሆን ተብሎ ይዛባል። ከዚያ የማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናቱ ጥሬ መረጃ በዓለም ባንክ የመረጃ ቋት ለማንኛውም ተመራማሪ ይለቀቃል። በአዋጅ ቁጥር 442/1997 መሠረት ለስታትስቲክስ የተሰጠ የግለሰብ መረጃ በምስጢር የሚያዝ ነው፤ በ2016 ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። መረጃው ክፍት መሆኑን አጥብቄ እደግፋለሁ። የተዘጋ ቁጥር የሚጠቅመው ለያዘው ቢሮ ብቻ ነው፤ የመንግሥትን ስሌት እንደገና የሚሠራ ሌላ ሰው ከሌለ ደግሞ ስሌቱ እምነት አያገኝም።

እምነት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ይህ ክልል አይቶታል። የ1999 ዓ.ም የሕዝብ ቆጠራ ውጤት ሲገለጽ የአማራ ክልል ዓመታዊ ዕድገት 1.7 በመቶ፣ የአገሪቱ 2.6 በመቶ ተባለ። ክልሉ ይኖረዋል ተብሎ ከተገመተው ሕዝብ 2.4 ሚሊዮን ያህል ጎደለ፤ ጉዳዩ ፓርላማ ድረስ ደረሰ፣ ቅሬታውም ዛሬ ድረስ አልበረደም። አራተኛው ቆጠራ በ2011 ተራዘመ። የቤተሰብ ጥናቶች ከናሙና ወደ ሕዝብ ብዛት የሚያድጉት በቆጠራና በቆጠራ ላይ በተመሠረተ ትንበያ ስለሆነ፣ ያ ጥርጣሬ በድህነት ቁጥሩም ላይ ጥላውን ይጥላል።

ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በ2013 ነሐሴ ጋይንት የውጊያ ሜዳ ሆኖ፣ የከባድ መሣሪያ ተኩስ ደብረ ታቦር ደረሰ። የማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናቱ የ2014 ዙር ትግራይን ማካተት አልቻለም። ከ2015 ነሐሴ ወዲህ ደግሞ አማራ ክልል ራሱ ግጭት ውስጥ ነው። በዚህ ጊዜ የማያውቁት ወጣት ታብሌት ይዞ ስንት ከብት እንዳለ፣ ስንት ወንድ ልጅ ከቤት እንደወጣ ሲጠይቅ ምን ዓይነት መልስ ይጠበቃል? እንዲህ ባለ ጊዜ የተሰበሰበ ቁጥር ሲታተም የትኞቹ የቆጠራ ቦታዎች እንዳልተደረሱ አብሮ በግልጽ መታተም አለበት፤ የጎደለው ቤት እንደሌለ ቤት እንዳይቆጠር።

የሚቆጨኝ መረጃው ለተጠያቂው ሳይመለስ መቅረቱ ነው። ጥሬ መረጃውም ማብራሪያውም በእንግሊዝኛ ነው። ጥናቱን ዋሽንግተን ያለ ተማሪ በአንድ ቀን አውርዶ ይሠራበታል፤ ሁለት ሦስት ሰዓት ተቀምጠው የመለሱት እማወራ ግን ምን እንደተገኘ የሚነግራቸው የለም። ናሙናው ለክልል እንጂ ለዞን ወይም ለአንድ ወረዳ መናገር ስለማይችል «የናንተ ቀበሌ ይህን ይመስላል» ማለት አይቻልም፤ ይህን ግልጽ ማድረግም ተገቢ ነው። የክልሉን ውጤት፣ ምግብ የሚያጥርባቸውን ወራት፣ የብድር ምንጮችን በሁለት ገጽ አማርኛ ጽፎ በቀበሌ ስብሰባ ማንበብ ግን ይቻላል። የስታትስቲክስ አገልግሎቱ ሌላ ጥናት፣ የእርሻ ናሙና ጥናቱ፣ የገብስና የድንችን ምርት በዞን ደረጃ ያወጣል፤ ጽሑፉን ለማዘጋጀት ሊያግዝ የሚችለው ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም እዚያው ደብረ ታቦር ውስጥ ነው። የሚቀጥለው ዙር መረጃ ሰብሳቢ ወደ ክምር ድንጋይ ወይም ወደ ነፋስ መውጫ ሲላክ፣ ከመጠይቁ በፊት ያለፈውን ዙር ውጤት የሚያነብበት ግማሽ ሰዓት በመርሐ ግብሩና በአበሉ ውስጥ ይያዝለት።