ናፍጣ ሞተር ሳይለካ ቀብድ አይከፈል

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ ናፍጣ መኪና ፈላጊ ዐይኑን የሚጥለው እዚሁ ባለው አሮጌ ላይ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ በኮሪደር ልማት ብዙው የካዛንቺስ ሰፈር ሲፈርስ ነዋሪውም ነጋዴውም ተበትኗል። በካዛንቺስም ሆነ በቀረው የቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚዋዋል ገዢ፣ የለመደው ጋራዥ ከአጠገቡ ቢጠፋ የሞተሩን ኮምፕሬሽን በግቢው ውስጥ ማስለካት ይችላል።

ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን በእሳት ብልጭታ አይነሣም። ፒስተኑ አየሩን አምቆ ሲያግለው የተረጨው ናፍጣ በራሱ ይቀጣጠላል። እመቃው ከደከመ ሞተሩ ጠዋት አልነሣ ይላል፤ ያጨሳል፤ ጉልበት ያጣል። ታጥቦ የተወለወለ ሞተር ይህን አይናገርም።

መለኪያው እስከ 40 ባር ገደማ የሚያነብ የናፍጣ መለኪያ መሆን አለበት፤ የቤንዚኑ አይችለውም። ሞተሩ ይሞቃል፣ ባትሪው ይሞላል፣ የናፍጣው መስመር ይዘጋል። በአሮጌ ሞተሮች ለዚህ ፓምፑ ላይ ያለችውን የማጥፊያ ሽቦ መንቀል ይበቃል፤ በኮምፒዩተር የሚታዘዙትን ግን ለባለሙያ መተው ነው። የማሞቂያ ካንዴላዎቹ ሁሉ ተፈትተው መለኪያው በየቀዳዳው በተራ ይታሰራል። ሞተሪኖው አምስት ስድስት ዙር ካዞረ በኋላ ቁጥሩ ይጻፋል። ከቀዳዳዎቹ ፊት ሰው አይቁም።

ክርክር የሚነሣው ቁጥሩ ሲነበብ ነው። የፋብሪካው መጽሐፍ ባብዛኛው የሚናገረው በባሕር ጠለል አካባቢ ስላለ አየር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ መጽሐፉ 30 ባር የሚለው ጤነኛ ሞተር እዚህ 23 አካባቢ ቢያሳይ አያስደነግጥም። ይህን የሰማ ደላላ ግን የደከመውን ሞተር ሁሉ «ከፍታው ነው» ብሎ ሊያሳልፍ ይሞክር ይሆናል። ከፍታ ሲሊንደሮቹን እኩል ይቀንሳል እንጂ አንዱን ለይቶ አይመታም። ሦስቱ 22፣ 22 እና 21 ብለው አራተኛው 14 ቢል፣ ጣጣው ከቫልቩ ወይም ከፒስተን ቀለበቱ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አብረው ከወረዱ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል። ሁሉም እኩል ሆነው መጽሐፉ ከሚፈቅደው ዝቅተኛ ልክ ሦስት አራተኛ በታች ከሆኑም ሞተሩ አልቋል።

አላስለካም የሚል ሻጭ ሲያጋጥም ገዢው የሙሉ እድሳቱን ወጪ አስቀድሞ ከዋጋው ላይ ቀንሶ ይደራደራል።