የኤስኪውኤል ሌክሰር፦ ስህተቱና ጥገናው

ሌክሰር በኤስኪውኤል ቋንቋ ተጽፎ ወደ ዳታቤዝ የገባን ኩዌሪ መጀመሪያ የሚያነበው የፕሮግራም ክፍል ነው። የሚደርሰው ተከታታይ ባይት ሲሆን ሥራው ያንን ቆራርጦ ቶክን ወደሚባሉ አሃዶች መለወጥ ነው። «ደመወዝ>=5000» የሚል ቢመጣለት ሦስት ቶክን ያወጣል፤ ስም፣ ኦፕሬተርና ቁጥር። ቶክኖቹ በሰዋስው መሠረት መያያዛቸውን የሚመረምረው ቀጥሎ ያለው ፓርሰር ነው። ደመወዝ የሚባል ዓምድ መኖር አለመኖሩን ሌክሰሩ አያውቅም፤ ማወቅም አይጠበቅበትም።

ማይኤስኪውኤልና ኤስኪውላይት የሚባሉት ዳታቤዞች በእጅ የተጻፈ ሌክሰር አላቸው። የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ሰዎች ግን ሕጎቹን ብቻ ይጽፉና ኮዱን ፍሌክስ የሚባለው መሣሪያ ያመነጭላቸዋል። የፍሌክስን ቀዳሚ፣ ሌክስን፣ እ.ኤ.አ. በ1975 በቤል ላብራቶሪ የሠሩት ማይክ ሌስክና በኋላ ጉግልን የመራው ኤሪክ ሽሚት ናቸው።

ዋናው ሕግ ከሚቻለው ሁሉ ረጅሙን መውሰድ ነው፤ «>=» ያገኘ ሌክሰር «>» ላይ አይቆምም። ሕጉ ብቻውን ግን አያዛልቅም። በፖስትግሬስ የፕሮግራም ቋንቋ «1..10» ማለት ከአንድ እስከ አሥር ማለት ነው። «1.» ራሱን የቻለ ቁጥር ስለሆነ፣ ረጅሙን የሚወስደው ሌክሰር «1.» እና «.10» ብሎ ሁለት የአስርዮሽ ቁጥር ያወጣ ነበር። ይህን ለመከላከል ከአኃዝ ቀጥሎ ሁለት ነጥብ ሲመጣ ነጥቦቹን መልሶ አኃዙን ብቻ የሚያስረክብ የተለየ ሕግ ተጽፏል።

የሌክሰር ስህተት አስቸጋሪ የሚሆነው ድምፅ ስለሌለው ነው። ያለቦታቸው የተቆረጡት ቁርጥራጮች እንዳጋጣሚ ሰዋስው ካሟሉ ኩዌሪው ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይሠራል፤ የሚመጣው መልስ ግን የተጠየቀው አይደለም። ፖስትግሬስ እስከ 14ኛው ቅጂ ድረስ ከሴሌክት ትእዛዝ ቀጥሎ «123ስም» ቢጻፍለት 123 የሚለውን ቁጥር ለብቻ፣ «ስም» የሚለውን ለብቻ ይቆርጥ ነበር። በኤስኪውኤል ለውጤት ዓምድ መጠሪያ ሲሰጥ አገናኝ ቃሉን መተው ስለሚቻል፣ ፓርሰሩ ስም የሚል ርዕስ ያለው ዓምድ ሠርቶ 123 ያስቀምጥበት ነበር። በሄክሳዴሲማል አጻጻፍ «0ኤክስ10» ብሎ 16 የጠበቀ ሰው ደግሞ «ኤክስ10» ከሚል ርዕስ ሥር ዜሮ ያገኝ ነበር።

ጥገናው እ.ኤ.አ. በ2022 በ15ኛው ቅጂ መጣ። ቁጥሩን የሚያነበው ሕግ እንዳለ ሆኖ፣ አኃዝ ወዲያው ፊደል ሲከተለው ሁለቱን አንድ ላይ የሚይዝና ስህተት ብሎ የሚጮህ ሕግ ተጨመረ። አዲሱ ሕግ የሚይዘው ከቀድሞው ስለሚረዝም፣ ያው የረጅሙ ሕግ ለእሱ ያደላል። ያለ አዲስ ዘዴ፣ በነባሩ ሕግ የተሠራ ንጹሕ ጥገና ነው። መንገዱ ስለጸዳም 16ኛው ቅጂ የሄክሳዴሲማል ቁጥርን በትክክል ማንበብ ጀመረ። ዋጋ ግን ተከፍሎበታል፤ ከቁጥር በኋላ ክፍተት ሳይተዉ ቀጣዩን ቃል የሚያስከትሉ የቆዩ ኩዌሪዎች መሥራት አቆሙ።

የመቀነስ ምልክት ሌላው የችግር ምንጭ ነው። በኤስኪውኤል ስታንዳርድ ሁለት ሰረዝ እስከ መስመሩ መጨረሻ ያለውን ወደ ኮመንት ይለውጣል። አንድ ፕሮግራም «ሂሳብ-» ብሎ የክፍያውን መጠን ሲያስከትል፣ መጠኑ -1 የሆነ ዕለት «ሂሳብ--1» ይወጣል። ከሰረዞቹ በኋላ ያለው ይጠፋል፤ መዝገቡን የሚለየው ቅድመ ሁኔታ እዚያው መስመር ላይ ካለ እሱም አብሮ ይሄዳል። ማይኤስኪውኤል ከሁለተኛው ሰረዝ በኋላ ክፍተት ከሌለ ኮመንት ነው ብሎ አይቀበልም፤ ከስታንዳርዱ ቢያስወጣውም። ፖስትግሬስ ስታንዳርዱን ይከተላል፤ የእሱ ጣጣ ተጠቃሚ የራሱን ኦፕሬተር እንዲፈጥር መፍቀዱ ነው። «ሀ=-1» ሲመጣ ሌክሰሩ «=-» የሚል ኦፕሬተር እንዳይቆርጥ፣ ከአንድ በላይ ምልክት ያለው ኦፕሬተር እንደ «@» ወይም «!» ያለ የተለየ ምልክት ካልያዘ በቀር በ«+» ወይም በ«-» እንዳያልቅ ተደንግጓል። ስለዚህ «@-» ያልፋል፣ «*-» አያልፍም።

ከሁሉ የከፋው በባይት ደረጃ የሚፈጠረው ነው። እንደ ጂቢኬ ባሉ የእስያ ፊደል አመዘጋገቦች የአንዳንድ ፊደላት ሁለተኛ ባይት 92 ነው፤ ይህ ቁጥር የባክስላሽም ቁጥር ነው። አመዘጋገቡን የማያውቅ ፕሮግራም ከተጠቃሚ የመጣን ነጠላ ጥቅስ ለማክሸፍ ከፊቱ ባክስላሽ ያስገባል። ተጠቃሚው አጥቂ ከሆነ ግን ከጥቅሱ በፊት የፊደል መጀመሪያ የሆነ ባይት አስቀምጧል። ሰርቨሩ ያንን ባይትና ባክስላሹን እንደ አንድ ፊደል ያነባቸዋል፤ ነጻ የቀረው ጥቅስ ጽሑፉን ይዘጋና የተከተለው ሁሉ ትእዛዝ ይሆናል። ፖስትግሬስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2006 ባወጣው ጥገና፣ ደንበኛው እንዲህ ባለ አመዘጋገብ ሲጠቀም በባክስላሽ የከሸፈን ጥቅስ በመደበኛው ቅንብር መቀበል አቆመ።

የግዕዝ ፊደልም እዚህ ላይ የራሱ ጉዳይ አለው። በዩቲኤፍ-8 አንድ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ የፖስትግሬስ ሌክሰር ደግሞ ከ127 በላይ የሆነን ባይት ሁሉ እንደ ፊደል ይቆጥራል። ስለዚህ ሠራተኛ የሚባል ሠንጠረዥ ያለ ጥቅስ ምልክት ይጻፋል። ችግሩ «፤»ም እንደ ፊደል መቆጠሩ ነው። በአማርኛ ኪቦርድ ትእዛዙን በ«፤» የዘጋ ሰው ምልክቱን ከስሙ ጋር ካጣበቀው «ሠራተኛ፤» የሚባል ሠንጠረዥ የለም ይባላል፤ በክፍተት ከለየው ደግሞ «፤» የሠንጠረዡ ቅጽል ስም ሆኖ ያርፋል። ትእዛዙ የተጻፈው በተርሚናል ከሆነ ደግሞ በሁለቱም ጊዜ የተርሚናሉ ፕሮግራም ከመላኩ በፊት እውነተኛውን «;» ሲጠብቅ ይቆያል። ከ127 በላይ ያለውን ሁሉ ፊደል ማድረጉ እንግዲህ ከስህተት ይልቅ ለፍጥነትና ለቅለት ሲባል የተደረገ ምርጫ ነው። የስም ርዝመት በመደበኛው ቅንብር 63 ባይት ስለሆነ ለአማርኛ ስም የሚተርፈው 21 ፊደል ነው። ትርፉ ሲቆረጥም ፊደል መሃል እንዳይሰነጠቅ ኮዱ ባይት ብቻ ሳይሆን ፊደልም ይቆጥራል።

ጥገና የሚጀመረው ስህተቱን የሚያሳየውን አጭሩን ኩዌሪ በማግኘት ነው። ኩዌሪው ከሚጠበቀው መልስ ጋር ወደ መፈተሻው ስብስብ ይገባል፤ ከዚያ ሕጉ ይታረማል። ፖስትግሬስ ላይ የታረመው ሕግ ሌላም ፈተና አለበት፤ ሌክሰሩ ወደፊት አንብቦ ሳይሳካለት ወደ ኋላ እንዲመለስ የሚያስገድደው ከሆነ ፍጥነት ስለሚቀንስ የግንባታ ሂደቱ ይጥለዋል። ሕጉ ያለው አንድ ቦታ ብቻ አለመሆኑም አለ፤ ትእዛዝ የት እንደሚያልቅ ማወቅ ያለበት የተርሚናሉ ፕሮግራምና በሲ ኮድ ውስጥ ኤስኪውኤል የሚያነበው መሣሪያ የየራሳቸው ቅጂ አላቸው። አንዱ ታርሞ ሌላው ከተረሳ ተርሚናሉ ኮመንት ያለውን ሰርቨሩ ትእዛዝ ይለዋል።

የሚወጣበትም ጊዜ ይመረጣል። ትክክለኛ ይመስል የነበረን ኩዌሪ የሚጥል እርማት ለቀጣዩ ዋና ቅጂ ይቆያል፤ የ2006ቱ ዓይነት የደኅንነት ቀዳዳ ግን በአገልግሎት ላይ ባሉት የቆዩ ቅጂዎች ሁሉ ወዲያው ይደፈናል። ከአንድ ቅጂ በላይ የሚዘገይም አለ፤ በጥቅስ ውስጥ ያለን ባክስላሽ እንደ ተራ ምልክት የማንበብ ለውጥ መቆጣጠሪያው በ8.2 ቅጂ ለተጠቃሚ ከተከፈተ በኋላ መደበኛ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2011 በ9.1 ቅጂ ነው።