ስለ ትንሹ የመቅረጫ መኪና አመራረጥ

በኮምፒዩተር ትእዛዝ እንጨት የሚቀርጸው፤ ሲኤንሲ የሚባለው መኪና ዛሬ በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ሆኖ ይሸጣልና ለጀማሪ የሚበጀው የትኛው እንደ ሆነ ጥቂት እንናገራለን።

ሻጮች 3018 የሚሉት ቍጥር የሥራውን ስፋት፤ ማለት 30 በ18 ሳንቲ ሜትር መሆኑን ያመለክታል እንጂ የመኪናውን ጥንካሬ አይናገርም። ገዢው አስቀድሞ ሊመረምር የሚገባው ግን ይህንኑ ጥንካሬ ነው። አካሉ ከፕላስቲክ የተሠራ እንደ ሆነ መቍረጫው እንጨቱን በሚነካበት ጊዜ ይንቀጠቀጣል። በእኛ ፊደል «ለ»ን ከ«ሉ» የምትለያት አንዲት ትንሽ ቅጥል ናት፤ እርስዋ ከተበላሸች በመስቀሉ ላይ የተቀረጸው ስም ሌላ ስም ይሆናል። ስለዚህ ስፋቱ ቢያንስም አካሉ አሉሚኒየም የሆነውን መምረጥ ይሻላል። ለመፈተንም መኪናው በቆመበት የመቍረጫውን ራስ በእጅ ነቅንቆ ማየት ነው፤ ሻጩ ቢከፋውም ይታገሡት። ስንጣሪ ስለሚፈናጠር የዓይን መከላከያ መነጽር አብሮ ይገዛል።