የጀልባ የኋላ ግድግዳ ሲበሰብስ፦ ለጣና ሐይቅ ባለጀልባዎች የቀረበ ማብራሪያ

በጣና ሐይቅ ዳርቻ ታንኳ የሚሠሩ ባለሙያዎች ደንገል ውኃ እንደሚጠጣ ያውቃሉ። በመሆኑም ታንኳው ከጉዞ ሲመለስ ከውኃ ወጥቶ እንዲደርቅ ይደረጋል፤ ዕድሜውም በወራት የሚቆጠር መሆኑን ባለቤቱ አስቀድሞ ተቀብሎታል። የፋይበርግላስ ጀልባ ባለቤት ግን ጀልባው ውኃ እንደማይጠጣ ያምናል። ይህ እምነት ለጀልባው ቅርፊት በአብዛኛው ትክክል ቢሆንም፣ ሞተሩ ለሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ፣ በሙያው አጠራር ትራንሰም ለሚባለው ክፍል ግን አይሠራም።

በአብዛኞቹ የቆዩ የፋይበርግላስ ጀልባዎች ይህ ግድግዳ በሁለት የፋይበር ንጣፎች መካከል የታሸገ ኮምፔንሳቶ ነው። ጥንካሬውን የሚሰጠው በዋናነት እንጨቱ ነው። እንጨቱ በስብሶ ሲያልቅ ከውጭ የሚታየው ቀለም ሳይለወጥ ሊቆይ ይችላል። ተሳፋሪዎችን ይዞ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደሴት ገዳማት የሚጓዝ ጀልባ በሐይቁ መካከል ግድግዳው ቢሰነጠቅ፣ ሞተሩን ማጣት ብቻ ሳይሆን በኋላ በኩል ለማዕበል ክፍት የሆነ ቀዳዳ ይፈጠራል። ስለዚህ ጉዳዩ በየብስ ላይ እንዳለ ሊታወቅ ይገባል።

መመርመሩ ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ ከላይ እስከ ታች ሲያንኳኩት ጤናማው ክፍል ጠንካራና ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ደግሞ የታፈነ ድምፅ ያሰማል። ሞተሩን ወደ ላይ አንሥቶ ታችኛውን ጫፍ በእጅ ቀስ ብሎ መጫንና ግድግዳው አብሮ መታጠፍ አለመታጠፉን መመልከትም ይጠቅማል። በቡሎኖቹ ዙሪያ የፀጉር ያህል የቀጠኑ ስንጥቆች፣ ከቀዳዳዎች የሚወጣ ቡናማ ፈሳሽ፣ ወደ ውስጥ የሰመጡ ሮንዴላዎች ካሉ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ማረጋገጫው ግን ከውስጥ በኩል በትራፓኖ ትንሽ ቀዳዳ ከፍቶ የሚወጣውን ፍቅፋቂ ማየት ነው። ፍቅፋቂው ነጣ ያለና ደረቅ ከሆነ ደኅና ነው፤ ጠቁሮና ረጥቦ ከወጣ በስብሷል። የተከፈተው ቀዳዳ ወዲያውኑ በኢፖክሲ መደፈን ይኖርበታል።

በጣና ላይ ችግሩን የሚያባብስ አንድ ሁኔታ አለ። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተር ከባሕር ጠለል ላይ ከሚሰጠው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ባለንብረቶች ይህን ለማካካስ ከፍ ያለ ሞተር መግጠማቸው ይገባናል። ይሁን እንጂ ጉልበቱ ቢቀንስም ክብደቱ አይቀንስም። ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር እንደ ዓይነቱ ከ70 እስከ 100 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ይህም ሁሉ የሚንጠለጠለው በዚያው አሮጌ ግድግዳ ላይ ነው።

ውኃው ወደ እንጨቱ የሚገባው ባመዛኙ እኛው በበሳናቸው ቀዳዳዎች ነው። የሞተር ቡሎኖች፣ የመሰላል ማሰሪያዎች፣ ከሁሉም በላይ ከታች የሚገኘው የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳ በጥንቃቄ ካልታሸጉ እንጨቱ ዓመቱን ሙሉ ይጠጣል። ከውጭ በሲሊኮን መለጠፍ ወይም በላዩ ላይ ተጨማሪ ፋይበር መደረብ ቀድሞ የገባውን እርጥበት ውስጡ አፍኖ ያስቀረዋል። ይህን ዓይነቱን ጥገና አንመክርም።

ትክክለኛው ሥራ እንጨቱን አውጥቶ መተካት ነው። ጀልባው በቅድሚያ በደረቅና በተስተካከለ ቦታ ላይ በሚገባ ይደገፋል፤ ግድግዳው ሲላላ ቅርፊቱ ሊንሻፈፍ ይችላልና። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት የግድግዳው ከፍታና ወደ ኋላ ያዘነበለበት ልክ ይመዘገባል። አጭር ዘንግ ላለው ሞተር የተለመደው ከፍታ 38 ሴንቲ ሜትር፣ ለረጅሙ 51 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያም የውስጠኛው ፋይበር በዙሪያው አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ጠርዝ ተትቶለት ይቆረጣል፤ የውጭው እንደ ቅርጽ ማውጫ ስለሚያገለግል አይነካም። እንጨቱ በመሮ እየተፈለፈለ ይወጣል። የግድግዳው አንድ ክፍል ደረቅ ሆኖ ሲገኝ እዚያው ላይ የማቆም ፈተና ይመጣል፤ ግማሹን መተካት ግን ሥራውን በቅርቡ መድገም ነው።

ለአዲሱ እንጨት የቤት ዕቃ ኮምፔንሳቶ አይሆንም። ሙጫው ውኃ የሚቋቋም መሆኑን ለማረጋገጥ ቁራጩን በፈላ ውኃ ለጥቂት ሰዓታት መቀቀል ይቻላል፤ ንጣፎቹ ከተላቀቁ ለጀልባ አይገዛም። በካርቶን በወጣው ልክ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ቁራጮች ተቆርጠው እርስ በርሳቸውና ከውጭው ፋይበር ጋር በወፈረ ኢፖክሲ ይጣበቃሉ፤ በአሮጌው ግድግዳ ውፍረት ልክ መሆናቸው አስቀድሞ ይለካል። የጠርዞቹ ውፍረትም በኢፖክሲ መጠጣት አለበት። ሞርሳው ሲጠብቅ ሙጫው ተጨምቆ እንዳያልቅ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ማዕዘኖቹ በኢፖክሲ ስቱኮ ከተለሰለሱ በኋላ በላያቸው የፋይበር ጨርቅ ይደረባል፤ አሮጌው ፋይበርም በግራይንደር ከውፍረቱ 12 እጥፍ በሚሆን ስፋት ተዳፋት ሆኖ መሞረድ ይኖርበታል። አምስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ፋይበር ይህ ስድስት ሴንቲ ሜትር ማለት ነው።

ኢፖክሲ አሮጌውን ፖሊስተር በሚገባ ይይዛል፤ ፖሊስተር ግን በደረቀ ኢፖክሲ ላይ በደንብ አይጣበቅም። በርካሽነቱ ፖሊስተር የሚመርጡ ባለሙያዎች ማድረቂያውን ከኮባልት ማፍጠኛው ጋር በቀጥታ ፈጽሞ እንዳያደባልቁ አጥብቀን እናሳስባለን፤ ሊፈነዳ ይችላል። አንደኛው ከረዚኑ ጋር በሚገባ ከተዋሐደ በኋላ ብቻ ሌላው ይጨመራል። ሥራው ነፋስ በሚገባበት ቦታ፣ ከእሳት ርቆ፣ በአፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ በመነጽርና በጓንት ይከናወን።

የቡሎን ቀዳዳ አበሳስ የጥገናውን ዕድሜ ይወስናል። ለ12 ሚሊ ሜትር ቡሎን 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ይበሳና በወፈረ ኢፖክሲ ይሞላል፤ ሲደርቅ መካከሉ በ12 ሚሊ ሜትር ይበሳል። በዚህ መንገድ ቡሎኑ እንጨቱን ፈጽሞ አይነካውም። የማፍሰሻው ቀዳዳም በተመሳሳይ ሁኔታ ይሠራል። ሰፋፊ ሮንዴላ ያላቸው የማይዝጉ ቡሎኖች ከተገጠሙና ሞተሩ ያለ ተሳፋሪ ለተወሰኑ ሰዓታት ከተሞከረ በኋላ ዳዶዎቹ እንደገና ይጠበቃሉ።

በሀገር ውስጥ የውኃ ትራንስፖርት የሚሰማሩ ጀልባዎችን ደኅንነት የመቆጣጠር ኃላፊነት የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ነው። ግድግዳው ከተከደነ በኋላ መርማሪው ውስጡን ማየት ስለማይችል፣ ባለንብረቶች የበሰበሰው እንጨት ሲወጣ፣ አዲሱ ሲጣበቅና ፋይበሩ ሲደረብ የተነሡ ፎቶግራፎችን እንዲሁም የተረፈውን የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ይዘው እንዲቀርቡ እንመክራለን። ከጥገናው ጋር የሞተሩ ጉልበት ወይም ክብደት የተለወጠ ከሆነም ይህንኑ ጀልባው ተሳፋሪ ከመጫኑ በፊት ማሳወቅ ተገቢ ነው።