የሚይዝ መንኮራኩር፦ ከተገጣጣሚ የመጫወቻ ባቡር የሚቀሰም የብልሽት ፍለጋ ስልት

በዘመሮም ሆነ በሌሎቹ የመንዝ ደጋ ከተሞች የባቡር ሐዲድ አልተዘረጋም። ስለዚህ በአካባቢው የባቡርን ሜካኒክስ በተግባር ማሳየት ለሚፈልግ መምህር ቅርብ የሚሆነው ናሙና ከፕላስቲክ ጡቦች ተገጣጥሞ በትንሽ ሞተር የሚነዳው የመጫወቻ ባቡር ነው። ሌጎ የተባለው የዴንማርክ ኩባንያ የመጀመሪያውን ባለሞተር ባቡር ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1966 ነበር። እንዲህ ያለው ባቡር ሲይዝ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ በሞተሩ ወይም በባትሪው ላይ ይጣላል። ይሁን እንጂ መያዙ መቼ እንደሚደገም ያስተዋለ ሰው አንድም ክፍል ሳይለውጥ ምክንያቱን ሊለይ ይችላል።

የመጀመሪያው እርምጃ ሞተሩን ከሚነዳው ክፍል መነጠል ነው። ሞተሩ ተነጥሎ መንኮራኩሮቹ በጣት ሲገፉ በቀላሉ ከተሽከረከሩ ችግሩ በሞተሩ ወይም በኃይል አቅርቦቱ ይፈለጋል፤ ካልተሽከረከሩ ደግሞ ምክንያቱ ሜካኒካዊ ነው። ቀጣዩ ጥያቄ መያዙ የማያቋርጥ ነው ወይስ እየተመላለሰ የሚከሰት የሚለው ይሆናል።

የማያቋርጥ ከሆነ በቅድሚያ የሚጠረጠሩት አክስሎቹና ጊሮቹ ናቸው። አክስሉን የሚይዘው ቡሽ ከግድግዳው ጋር እስኪጣበቅ ከተገፋ ሰበቃው ይበረታል፤ መፍትሔውም ጥቂት ክፍተት መተው ነው። በጊሮች በኩል ባለ8፣ ባለ16፣ ባለ24 እና ባለ40 ጥርስ የሆኑት የሥራ ራዲየሳቸው እንደ ቅደም ተከተላቸው 4፣ 8፣ 12 እና 20 ሚሊሜትር ነው። የጡቦቹ ቀዳዳዎች የተደረደሩት በ8 ሚሊሜትር ልዩነት ስለሆነ ባለ8ቱ ከባለ24ቱ ጋር በ16 ሚሊሜትር፣ ማለትም በሁለት ቀዳዳ ርቀት በትክክል ይገጥማል። ባለ8ቱና ባለ16ቱ የሚፈልጉት ግን 12 ሚሊሜትር ነው፤ ይህም አንድ ተኩል ቀዳዳ ይሆናል። በአግድም የተገጠሙ ጊሮች ከሚፈለገው ርቀት በታች ከተቀራረቡ ጥርሶቻቸው ይጣበቃሉ።

መያዙ በእያንዳንዱ የመንኮራኩር ዙር አንዴ ወይም ሁለቴ የሚመላለስ ከሆነ ምርመራው ወደ አገናኝ ዘንጎቹ ያመራል። በእንፋሎት ሎኮሞቲቭ አምሳያ ላይ የግራውና የቀኙ ክራንክ በ90 ዲግሪ መለያየት አለባቸው፤ አንዱ ወገን ኃይል ማስተላለፍ በማይችልበት ነጥብ ላይ ሲደርስ ሌላው ይገፋለታል። ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ከተገጠሙ ባቡሩ በዚያ ነጥብ ይይዛል። የዘንጉ ርዝመትም በአክስሎቹ መካከል ካለው ርቀት ጋር እኩል መሆን ይኖርበታል።

በኩርባ ላይ ብቻ የሚይዝ ባቡር ሌላ ምክንያት አለው። የተለመደው የሌጎ ኩርባ ራዲየስ 320 ሚሊሜትር ነው። በአንድ ግትር ክፈፍ ላይ ባሉ የፊትና የኋላ አክስሎች መካከል 96 ሚሊሜትር ቢኖር መካከለኛው መንኮራኩር ወደ ጎን መሸሽ ያለበት መጠን የርቀቱ ካሬ ለራዲየሱ ስምንት እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ይኸውም 3.6 ሚሊሜትር ይሆናል። ይህ መሸሻ ካልተሰጠው ሐዲዱን የሚይዘው የመንኮራኩሩ ከንፈር ይነክሳል። ስለዚህ ለመካከለኛው አክስል ከንፈር የሌለው መንኮራኩር ይመረጣል፤ ወይም አክስሎቹ በሚዞር ቦጊ ላይ ይገጠማሉ።

ከደቂቃዎች ጉዞ በኋላ ብቻ የሚቆም ባቡር ደግሞ የሙቀት ምልክት ያሳያል። በሰበቃ የተጫነ ሞተር ፍጥነቱ ሲቀንስ የሚስበው ኤሌክትሪክ ይጨምራል፤ ፈጽሞ ሲቆም ከፍተኛው ላይ ይደርሳል። እዚህ ላይ የሞተሩ መጋል ውጤት እንጂ መነሻ ላይሆን ይችላል።

እነዚህ ሕጎች በመጫወቻ ብቻ አይወሰኑም። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ በደረሰው የጅቡቲ መስመር ላይ ይሠሩ የነበሩ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ክራንክ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በኩርባ ላይ ያለው የመንኮራኩር ከንፈርም የሚገዙት በዚሁ ጂኦሜትሪ ነው። መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ በሚገዛበት አገር ልዩነቱ ከባድ ነው፤ መነሻው ሳይታወቅ የተለወጠ ክፍል ያንኑ ሰበቃ ተሸክሞ እንደገና ይበላሻል። ተማሪው ብልሽቱ የሚመላለስበትን ጊዜ መቁጠር በጥቂት ጡቦች ላይ ቢለማመድ በትልቁ ማሽን ፊት ሲቆም የመጀመሪያ ጥያቄው የትኛው ክፍል ይለወጥ ሳይሆን መቼ ይይዛል የሚል ይሆናል።